ስንት ቦኖ? ለስንት ሰው?

[ምስል፦ ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ። ላፕቶፕ፣ አጠገቡ የቡና ሲኒ።]

ተራኪ፦ የወረዳው ሪፖርት «በበጀት ዓመቱ አሥር ቦኖ ተሠርቷል» ይላል እንበል። ጋዜጠኛው ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ አንሥቶ ዜናውን ይለቀዋል። ዜናው ውሸት የለበትም። ግን አሥሩ ቦኖ ለየትኛው ቀበሌ ደረሰ? ፍትሐዊነትን በዳታ መመርመር የሚማር ጋዜጠኛ መጀመሪያ የሚለምደው ይህን ጥያቄ ነው።

[ምስል፦ የአትላንታ ካርታ።]

እ.ኤ.አ. በ1988 ቢል ዴድማን የተባለ ጋዜጠኛ በአሜሪካዋ አትላንታ ባንኮች ለማን የቤት ብድር እንደሚሰጡ መረመረ። «ለጥቁር አናበድርም» የሚል ደብዳቤ አላገኘም፤ ባንኮቹ በሕግ ተገደው ለመንግሥት የሚያስገቡት የብድር መዝገብ ግን ነበር። ሀብታም ሰፈርን ከድሃ ሰፈር ጋር ቢያስተያይ «ገንዘብ ስለሌላቸው ነው» ተብሎ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ገቢያቸው እኩል የሆኑትን የነጭና የጥቁር ሰፈሮች አስተያየ። የነጮቹ ሰፈር አምስት እጥፍ ብድር አግኝቶ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1989 ፑሊትዘር የተባለውን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመ።

እዚህ ወሎ «ዘር» ሲባል ነገሩ ሌላ ነው፤ የአትላንታን ጥያቄ እንዳለ አምጥቶ መለጠፍ አያዋጣም። ዘዴውን ግን ለደጋውና ለቆላው፣ ለመንገድ ዳሩና ለገደል ማዶው ልንጠቀምበት እንችላለን።

[ምስል፦ የኤክሴል ሰንጠረዥ፣ ሁለት ረድፍ።]

ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። መንገድ ዳር ያለው ቀበሌ ስድስት ቦኖ አለው፤ ገደል ማዶ ያለው አራት። አብሽሩ፣ ሒሳቡ ማካፈል ብቻ ነው። የመጀመሪያው 3000 ሰው ካለው አንድ ቦኖ ለ500 ሰው ይደርሳል። ሁለተኛው 1200 ካለው ለ300። አራት ያለው ተሻለ ማለት ነው።

የሚያስቸግረው የሕዝቡ ቁጥር ነው። አገር አቀፍ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ትንበያ ነው። ይህን ለአንባቢ ሳትደብቁ ንገሩ።

[ምስል፦ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ።]

ደግሞ የፊደላችን ጣጣ አለ። አንዱ መዝጋቢ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሦስተኛው «ኃይቅ» ብሎ ያስገባል። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለኤክሴል ሦስት። ሳታስተካክሉ ከደመራችሁ ሐይቅ ድርሻዋ ለሦስት ተቆራርሶ ከሁሉ የተበደለች ትመስላለች። ከሥልጠናው ሰዓት ብዙውን የሚበላው ይኸው ለቀማ ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አይዘለልም።

መዝገቡን የመጠየቅ መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተሰጥቷል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውን ያዙ።

[ምስል፦ የጀሪካን ወረፋ።]

ከዚያ ገደሉን ተሻገሩ። ከአራቱ ቦኖ ሁለቱ ደርቀው ብታገኙስ? 300 የነበረው 600 ሆነ፤ በሰንጠረዡ የተሻለው ቀበሌ ኋላ ቀረ። ወረፋ የያዙትን እናቶች መቼ እንደተበላሸ፣ ለማን እንዳመለከቱ ጠይቁ። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «መለዋወጫ ጠፍቶ ነው» ካላችሁ፣ የመንገድ ዳሩ ቦኖ በተበላሸ ጊዜ ስንት ቀን እንደፈጀ ከጥገና መዝገቡ ያሳያችሁ።