ሁለቱ ልጆችና ሶፋው፦ ስለ ሲምፕሰንስ 36ኛ ሲዝን የተደረገ ንግግር

ውድ የሲምፕሰንስ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሲምፕሰንስ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ስለሚኖር ቤተሰብ፣ ስለ አባት ሆመር፣ ስለ እናት ማርጅና ስለ ልጆቻቸው ባርት፣ ሊሳና ማጊ የሚያወራ የአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ 36ኛው ሲዝን ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 ጀምሮ ሜይ 18 ቀን 2025 ያለቀው ማለቴ ነው። ንግግሬን ስጨርስ የሲዝኑን የመጨረሻ ክፍል እዚሁ አብረን እናያለን። ገና ያላያችሁት ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ታሪኩን ሳልነካ ስለዚህ ሲዝን መናገር አልችልም።

ሲምፕሰንስ እወዳለሁ ባልኩ ቁጥር የማይቀር ጥያቄ አለ። "እስካሁን አላለቀም እንዴ?" ይሉኛል። አላለቀም። 36ኛው ሲዝን ሲያልቅ 790 ክፍል ደርሶ ነበር። ወዲያው ደግሞ "የድሮው ይሻል ነበር" ይከተላል። በዚህ ላይ አልከራከርም። የ1990ዎቹ ሲምፕሰንስ ከተሠሩት የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች ሁሉ ቁንጮው ነው ብዬ አምናለሁ። ግን እስቲ አስቡት። በዲሴምበር 1989 የመጀመሪያው ክፍል ሲተላለፍ የባርት እኩያ የነበረ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ዛሬ አርባ አምስትን አልፏል። ሆመርን በዕድሜ በልጦታል። ባርት ግን አሁንም አሥር ነው። ሊሳ ስምንት ናት። ማጊ አሁንም አፏን አልፈታችም። የድሮውን ከአዲሱ ስናወዳድር ከራሳችን ልጅነት ጋርም እያወዳደርን ነው። ያንን ሚዛን ዛሬ ትቼዋለሁ።

ይህ ሲዝን ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለ መለያየት ነው። በውሸት ስንብት ይጀምራል። መሀል ላይ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ድምፅ ያጣል። በማርጅ መቃብር ያልቃል። "መቼ ነው የምታበቁት?" የሚለውን ጥያቄ ደራሲዎቹ ሰምተውታል። ሁለት ጊዜም መልሰውታል፤ አንዴ መጀመሪያው ላይ፣ አንዴ መጨረሻው ላይ። የመጀመሪያው መልስ ብልጥ ነው። ሁለተኛው ግን አንጀት ይበላል።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የባርት ልደት ነው። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ኮናን ኦብራየን መድረክ ላይ ወጥቶ "ይህ የሲምፕሰንስ የመጨረሻ ክፍል ነው" ብሎ ያውጃል። ኮናንን የመረጡት ዝነኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከ1991 እስከ 1993 የዚሁ ዝግጅት ደራሲ ነበር። ስለ ሞኖሬሉ፣ ስለ ባለ አንድ ሐዲዱ ባቡር የሚያወራውን፣ ብዙዎቻችን በቃላችን የምንወጣውን ክፍል የጻፈው እሱ ነው። ስንብቱን ማን እንደጻፈው ሲነገረን ደግሞ ደራሲው ሰው አይደለም። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው። ማሽኑ የዚህ ዓይነት መሰነባበቻዎችን ሁሉ አጥንቶ አንድ መሰነባበቻ ያወጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ደራሲዎች በ2023 ለ148 ቀናት ሥራ አቁመው ነበር። ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ኤአይ ሥራችንን እንዳይነጥቀን የሚል ነበር። ስለዚህ ቀልዱ ከባዶ የመጣ አይደለም። እነዚህ ሰዎች የፈሩትን ነገር ነው ያሳዩን። ማሽኑ የሚያውቀው ሁሉንም ነገር መቋጨት ነው። የተኳረፈው ይታረቃል፣ የሚሄደው ይሄዳል፣ ሁሉም እንባ በእንባ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መሀል ባርት አሥራ አንድ ሊሞላው ነው። በልደቱ ቀን የሚያውቀው ዓለም በሙሉ አንድ በአንድ ሲሰናበተው ያያል። ከዚያ እምቢ ይላል። አሥራ አንድ አልሆንም ይላል።

ድፍረቱን አደንቃለሁ። በዚህ ዕድሜ ሲዝን በእንዲህ ያለ ነገር መክፈት ቀላል አይደለም። ግን ቀልዱ በቀልድ ላይ ተደራርቦ መተንፈሻ አጣሁ። የባርት ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው። ልጅ ሆኖ ሰፈር የለቀቀ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ደቂቃ ጸጥታ ቢሰጡት ኖሮ እንባዬ ይመጣ ነበር። አልሰጡትም። ወደሚቀጥለው ቀልድ ሮጡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ክፍሎች ወጣ ገባ ናቸው። የሀብታሞችን የመዝናኛ ሪዞርት ታሪክ የሚኮርጀው ክፍል አልያዘኝም። ዋናውን ድራማ ላላየ ሰው ግማሹ ቀልድ ያመልጠዋል። ክብደት ስለሚቀንሰው መድኃኒት የሠሩትም ወሬው ከበረደ በኋላ ነው የደረሰው። ሊሳ ከአክስቶቿ ከፓቲና ከሴልማ ጋር ወደ ካፒታል ሲቲ የምትሄድበትን ግን ሁለቴ አየሁት። ሊሳ በስፕሪንግፊልድ ሁልጊዜ ብቻዋን ናት። ያቺን ልጅ ለአንድ ቀን እንኳ ከዚያ ከተማ ማውጣት በራሱ ደስ ይላል።

ስለ ገና ዝግጅቱ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዲሴምበር 17 ቀን 2024 ወጣ። የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው ዲሴምበር 17 ቀን 1989 ነው። ልክ በ35ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ታስታውሱታላችሁ። ሆመር የገና ጉርሻው ተከልክሎ ኪሱ ባዶ ነበር። ለልጆቹ ስጦታ መግዣ እንዲሆነው በድብቅ የገና አባት ልብስ ለብሶ ሲሠራ አገኘነው። በመጨረሻም ውድድር ተሸንፎ የተባረረ ውሻ ይዞ ቤቱ ገባ። ከ35 ዓመት በኋላ ሆመር እንደገና የገና አባት ሆነ። አሁን ግን አእምሮውን በሂፕኖሲስ አስተውት የእውነት የገና አባት ነኝ ብሎ አምኗል። ከጎኑ ደግሞ ሃይማኖተኛው ጎረቤቱ ኔድ ፍላንደርስ እምነቱ ሲናወጥ እናያለን። ፍላንደርስን! በሁሉም ነገር ልንስቅበት እንችላለን፣ በእምነቱ ግን ተጠራጥረንበት አናውቅም። አንዱ ባዶ ሆኖ ሲቆዝም ሌላው ሳያውቀው በደስታ ሲሞላ ሁለቱን ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው ትልቅ ሥራ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ይህ ዝግጅት ሲምፕሰንስን በሚያሳየው የቴሌቪዥን ጣቢያ በፎክስ አልተላለፈም። በኢንተርኔት ተከፍሎበት በሚታየው ዲዝኒ ፕላስ ላይ ብቻ ነው የወጣው። ከሲዝኑ 22 ክፍሎች አራቱ እንዲሁ ናቸው። የልደት በዓላቸውን በሚመስል ቀን፣ ከጅምሩ ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲከታተል የኖረውን ሰው ከበር መመለስ አይገባም ነበር። ይህንን ቅር ብሎኝ ነው የምናገረው።

ወደ ባርት የቅርብ ጓደኛ ወደ ሚልሃውስ ልምጣ። ድምፁን የምትሰጠው ፓሜላ ሄይደን ከ35 ዓመት ሥራ በኋላ ጡረታ ወጣች። የመጨረሻ ክፍሏ ኖቬምበር 24 ቀን 2024 ተላለፈ። ያ ሁልጊዜ ሊያለቅስ የደረሰ የሚመስለው ድምፅ የእሷ ነበር። ድሮ ድምፅ ሰጪ ሲሞት ገጸ ባሕርዩም አብሮ ይሰናበት ነበር። ፊል ሃርትማን በ1998 ሲሞት ተዋናዩ ትሮይ ማክሉርና ጠበቃው ሊዮኔል ሃትስ አብረውት ሄዱ። ማርሻ ዋላስ በ2013 ስትሞት መምህርት ክራባፕል ሄደች። ሄይደን ግን በሕይወት አለች፣ በሰላም ነው የወጣችው። ሚልሃውስም ለሌላ ተሰጠ። አዲሱን ድምፅ የመጀመሪያ ቀን ስሰማ ጆሮዬ አልቀበል አለኝ። ዘመድ ጋ ስልክ ደውዬ ሌላ ሰው ያነሳው ዓይነት ነበር። ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነው። ባርትን ያለ ሚልሃውስ ማሰብ አይቻልም።

ድምፅ ካነሳሁ አይቀር የማርጅንም ላንሳ። ድምፁን የምትሰጠው ጁሊ ካቭነር በ1950 ነው የተወለደችው። ድምጿ ከድሮው ሻክሯል፣ ደክሟል። ይህ በአድናቂዎች መሀል የተለመደ ወቀሳ ነው። እኔም ስል ነበር። ከሜይ 18 በኋላ ግን አልልም።

አሁን የመጨረሻው ክፍል ላይ ደረስን።

ታሪኩ ከትንሽ ነገር ይነሳል። ባርትና ሊሳ "ኢቺ እና ስክራቺ" የተባለውን የድመትና የአይጥ ካርቱን አብረው ማየት ይወዳሉ። አንድ ቀን ማጊም ትወደዋለች። በቃ። ሕፃን የምታየው ነገር ሆነባቸው፣ ተዉት። ማንም አልተጣላም፣ ማንም አልተቆጣም። ሶፋው ላይ አብሮ መቀመጥ ብቻ ቀረ። ሁለቱን ያገናኛቸው የነበረው ነገር ምን እንደነበር የገባት እናታቸው ብቻ ናት።

ነባር ተመልካቾች እዚህ ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። በዲሴምበር 1990 የተላለፈውን ክፍል አስታውሱ። ማጊ ካርቱኑን አይታ አባቷን በመዶሻ ትመታዋለች። ማርጅ ሰላማዊ ሰልፍ ትወጣለች፣ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ካርቱኑ እንዲለዝብ ታስገድዳለች። "ኢቺ እና ስክራቺ" ከማርጅ የባሰ ጠላት አልነበረውም። ይህችው እናት ናት እንግዲህ አሁን ልጆቿ ካርቱኑን ስለተዉት የምታዝነው። ይህንን ማንም በቃል አያስረዳንም። የሚያውቅ ያውቃል ብለው ትተውታል። 34 ዓመት የቆየ ታሪክ ያለው ዝግጅት ብቻ ነው እንዲህ ማድረግ የሚችለው።

ከዚያ 35 ዓመት ወደፊት እንዘላለን። ማርጅ ሞታለች። መቃብሯ ላይ የተወደደች ሚስት፣ እናት፣ የፖርክ ቾፕ ቀማሚ ተብሎ ተጽፏል። ይህ የመጨረሻው ቃል አሳቀኝ፣ ቀጥሎ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ቤተሰብ ሰውን የሚያስታውሰው በእንዲህ ያለ ነገር ነው፤ በወጡ፣ በእጁ። ሊሳ የኤንቢኤ፣ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የበላይ ኃላፊ ሆናለች። ባርት ፈቃድ የሌለው የአረጋውያን ማቆያ ያንቀሳቅሳል፣ ሆመርም እዚያ ነው። ወንድምና እህት አይገናኙም። የሚያስታርቃቸው እናታቸው ትታላቸው የሄደችው የቪዲዮ መልእክት ነው።

የካቭነር ድምፅ እዚያ ጋ ነው ቦታውን ያገኘው። የሻከረው፣ የደከመው ድምፅ ነው ልጆቿን አትለያዩ የሚላቸው። የ1992ቱ ማርጅ ይህንን ብትናገር አላምናትም ነበር። የአሁኗን አመንኳት።

ክፍሉ ሲያልቅ ማርጅን በሰማይ ቤት ከቢትልሱ ከበሮ መቺ ከሪንጎ ስታር ጋር እናያታለን። ብዙ ሰው ተናደደ። ሆመርን ከዳችው ተባለ። እኔ ግን 1991 ትዝ አለኝ። ማርጅ ተማሪ ሳለች የሪንጎን ሥዕል ሥላ ትልክለታለች። እሱ የአድናቂ ደብዳቤዎቹን በየተራ ሲመልስ ኖሮ፣ ከስንት ዓመት በኋላ የእሷ ተራ ይደርሳል፣ መልሱም ይመጣላታል። ሪንጎ ራሱ ነበር ድምፁን የሰጠው። የሰማይ ቤቱ ቀልድ የዚያች ተማሪ ወረፋ ነው። ያን ክፍል በልጅነታችን አብራኝ ያየችው እህቴ እዚህ ጋ ስትደርስ በሳቅ ፈረሰች። እኔ አለቀስኩ። እስካሁን አልተስማማንም።

በጁን 2025 "ማርጅ ሞተች" የሚል ርዕስ በየቦታው ተሰራጨ። ዝግጅቱን ከሚመሩት አንዱ የሆነው ማት ሴልማን ወጥቶ፣ የወደፊቱን የሚያሳዩ ክፍሎች መላምት እንጂ የጸና ታሪክ አይደሉም ብሎ አረጋጋ። እውነቱን ነው። በ1995 የሊሳን ሠርግ ሲያሳዩን ዘመኑ 2010 ነበር። ያ "ወደፊት" ካለፈ ቆየ። ማርጅም ከዚያ በኋላ በመጣው ሲዝን አለች።

ጉድለቱንም ልናገር። 35 ዓመት በአንድ ክፍል ግማሽ ውስጥ ተጨናንቋል። ከሁሉ በላይ የሆመር ሐዘን ቀረብኝ። ሚስቱን ያጣ ሆመር ብቻውን የተቀመጠበት አንድ ትዕይንት፣ ያለ ቀልድ፣ ሠላሳ ሰከንድ ቢሆን ይበቃኝ ነበር።

በኤፕሪል 2025 ፎክስ እስከ 40ኛው ሲዝን ድረስ አራት ሲዝን ጨምሯል። ጊዜ አላቸው ማለት ነው። እኔ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። የሌላ ድራማ ኩረጃውን ይቀንሱ። ማንም ሳይጣላ ሁለት ልጆች ከሶፋ ተነስተው የሚሄዱበትን ዓይነት ታሪክ ያብዙልን።

እሺ፣ አሁን እንየው። ሁለት ነገር ብቻ አደራ። መቃብሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ቶሎ ያልፋል፣ እንዳያመልጣችሁ። ቪዲዮው ሲጀምር ደግሞ የማርጅን ድምፅ ስሙልኝ። ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ ባዶ ወንበር አለ። መብራቱን አጥፉልን።