ዘንቢሉን ከምስማሩ ላይ እናውርደው

(ምስል፦ አመሻሽ፣ ጉሊት)

ከሥራ ስንመለስ ጉሊት ጎራ እንላለን። አንድ መደብ ቲማቲም፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቃሪያ። ባለ ጉሊቷ ጣታቸውን ረጠብ አድርገው ፌስታሉን ፈልቀቅ ያደርጉታል። ቲማቲሙ ለብቻ፣ ሽንኩርቱ ለብቻ፣ ቃሪያውም ለብቻ። "እንዳይቀደድ ይደርቡልኝ" ካልን አራት ፌስታል ሆነ። ቤት ለመድረስ አሥር ደቂቃ ቢፈጅብን ነው። በቃ፣ ፌስታሉ ሥራውን ጨረሰ።

(ምስል፦ በክረምት የተደፈነ ቦይ)

ግን የትም አልሄደም። ክረምት ሲገባ ቦይ ይደፍናል፣ ጎርፉ መንገድ ላይ ይወጣል። ሜዳ ላይ የቀረውን ላምና በግ ይበሉታል። ፌስታል ደግሞ አይፈጭም። ሆድ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል፤ ከብቱ ሆዱ ሞልቶ በረሃብ ይከሳል።

ሕግ አልጠፋም። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታልን፣ ማለትም 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጭራሽ አገደ። ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል።

(ምስል፦ ከበር ጀርባ የተሰቀለ ዘንቢል)

ቅጣቱ ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማፈራችን ነው። እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ ዘንቢላቸውን ከምስማሩ ላይ ያወርዱ ነበር። ዘይት ግዙ ስንባል ጠርሙስ ይዘን ነበር የምንሄደው። የማንፈልገው ጠርሙስ ለቆራሌው ይሸጣል። ከዚያ በመሃል ዘንቢል ማንጠልጠል የድህነት ምልክት መሰለን። ባዶ እጅ ወጥቶ በፌስታል ተሸክሞ መግባት ዘመናዊነት ሆነ። መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ይሄ ስሜት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘንቢሉ የግድ የዘንባባ መሆን የለበትም። ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ቦርሳም ይበቃል። ከባዱ ማስታወሱ ነው። እኔ ስንቴ ረስቼው ወጥቻለሁ! አሁን የበሩ እጀታ ላይ ነው የማንጠለጥለው።

(ምስል፦ እንደገና ጉሊቱ)

ደግሞ ፌስታሉን ባለ ጉሊቷ ከኪሳቸው አውጥተው ነው የሚገዙት። ከዚያች መደብ ትርፍ ላይ ይቀነሳል። ባለፈው ዘንቢሌን ስዘረጋላቸው ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን አንድ ላይ ገለበጡልኝ። "ተባረኪ ልጄ" አሉና ለምርቃት ሁለት ቃሪያ ጣል አደረጉበት።