ልጅ ኤምኤስ አለበት ሲባል ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ልጆችና ስለ ኤምኤስ ነው፤ ሙሉ ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ። ይበልጥ የማናግረው አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆችን ነው። ሕክምናውም የትምህርት ቤት መብቱም አጠገባችሁ አለ፤ ግን ብዙ ቤተሰብ ወይ አያውቀውም ወይ ለመጠየቅ ይሳቀቃል።

መጀመሪያ በሽታው። የሰውነታችን መከላከያ ሥራው ጀርም መዋጋት ነው። ኤምኤስ ሲሆን ግን ዞሮ አንጎልን፣ ሕብለ ሰረሰርንና የዓይን ነርቭን ያጠቃል። ነርቮች ማይሊን የሚባል ሽፋን አላቸው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ያለውን ፕላስቲክ አስቡት። ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። ምልክቱ የሚለያየው እንደተጎዳው ቦታ ነው። አንዱ ልጅ አንድ ዓይኑ ይደበዝዝበታል፣ ሲያንቀሳቅሰውም ያመዋል። ሌላዋ እግሯ ይደነዝዛል ወይም ስትራመድ ትንገዳገዳለች።

«ይሄ የትልቅ ሰው፣ ደግሞም የፈረንጅ በሽታ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፣ እውነት ነው። ግን በ2020 የወጣው ዓለም አቀፉ የኤምኤስ አትላስ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ቢያንስ 30,000 ልጆች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ የልጆች ኤምኤስ በሚታከምባቸው ማዕከሎች ደግሞ ጥቁር ልጆችና የስደተኛ ልጆች ብዙ ናቸው።

እናቶች ሁሌ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «ምን አጥፍቼ ነው?» ምንም። ምች አይደለም፣ ቡዳ አይደለም፣ እርግዝና ላይ የበላሽው ነገርም አይደለም። በ2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ አጥንተው፣ ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ የያዘው ሰው በኤምኤስ የመታመም ዕድሉ ወደ 32 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ግን ይህ ቫይረስ አብዛኛውን የዓለም ሕዝብ ይይዛል፣ በኤምኤስ የሚታመመው እጅግ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ማንም ወላጅ ሊያስቀረው አይችልም ነበር።

ምርመራው ላይ ኤምአርአይ አለ፤ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን በምስል የሚያሳይ ነው። ከወገብ ፈሳሽ መውሰድም ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ወላጅ «ልጄን ሽባ ያደርጉብኛል» ብሎ ይደነግጣል። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው፣ ተረጋጉ። አንድ ነገር ግን ጠይቁ፦ «የሞግ አንቲቦዲ የደም ምርመራ ተሠርቷል ወይ?» በሉ። ልጆች ላይ ኤምኤስ የሚመስል፣ በዚህ ምርመራ የሚለይ ሌላ በሽታ አለ፣ ሕክምናውም ይለያል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ያገረሽባቸዋል፣ ሆኖም ከእያንዳንዱ ማገርሸት ፈጥነው ይነሳሉ። ስቴሮይድ የሚባል ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት በደም ሥር ለጥቂት ቀናት ይሰጠዋል፣ ልጁ ተነስቶ ኳሱን ይጫወታል፣ ቤቱ እልል ይላል፣ «ዳነ እኮ!» ይባልና ማገርሸቱን የሚከላከለው የዘወትር መድኃኒት ይቆማል። ልጁ ደህና መስሎ በሚታይበት በዚያን ጊዜም አንጎሉ ውስጥ ጉዳቱ በዝምታ ሊቀጥል ይችላል። ጸበል ውሰዱት፣ ጸልዩ፣ እምነታችሁ ነው። መድኃኒቱ ግን አብሮ ይሂድ። የሚሠራ መድኃኒት አለና ነው የምለው፦ በ2018 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ፊንጎሊሞድ የተባለውን ኪኒን ፈቅዷል። በጥናቱ ላይ ኪኒኑን የወሰዱት ልጆች፣ የቆየውን የኢንተርፌሮን መርፌ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ማገርሸቱ 82 በመቶ ቀንሶላቸዋል።

ደግሞ በዓይን የማይታየው አለ። ድካም። እንቅልፍ የማያስወግደው ድካም። ጎበዝ የነበረች ልጅ ትምህርቱ ቀስ እያለ ይገባታል፣ ያነበበችውን ትረሳለች፣ ከትምህርት ቤት መጥታ ሶፋው ላይ ትወድቃለች። ቤት ውስጥ «ሰነፈች፣ ስልክ ነው ያበላሻት» ይባላል። ይሄ ልጅ ይሰብራል። ልጃችሁ ደከመኝ ሲል እመኑት።

ትምህርት ቤቱም ማወቅ አለበት። ሰው ምን ይላል ብለን እንደብቃለን፣ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ። በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ክፍል 504 እንዲህ ያለ ሕመም ላለበት ተማሪ መብት ይሰጣል። በጽሑፍ «የ504 ፕላን እንፈልጋለን» ብላችሁ ጠይቁ፣ የሐኪም ደብዳቤ አያይዙ። ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ በመሀል ማረፊያ፣ ሳያስፈቅዱ ሽንት ቤት መሄድ፣ በሙቀት ቀን ከስፖርት ሜዳ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል መግባት፣ ይሄን ሁሉ ማካተት ይቻላል። ሙቀት ምልክቶቹን ለጊዜው ያባብሳል፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።

አስተርጓሚን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። እባካችሁ የታመመውን ልጅ የራሱን በሽታ አታስተርጉሙት። ታላቅ እህቱንም ቢሆን። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ለእናቱ «አንጎሌ ላይ ቁስል አለ ይላሉ» ብሎ ሲነግራት አስቡት፤ እሷን ላለማስደንገጥ ግማሹን ያስቀረዋል። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፣ ብዙ ጊዜ በስልክ ያገናኟችኋል።

ከበር ጀርባ ማንሾካሾኩም ይቅር። ልጆች ይሰማሉ፣ ከእውነቱ የባሰ ነገርም ያስባሉ። ለታናናሾቹም እንደማይተላለፍ ንገሯቸው። ጎረምሳ ከሆነ ሐኪሙን ለብቻው የሚያነጋግርበት ጊዜ ስጡት፣ መድኃኒት ሲዘል አትጩኹበት፣ ለምን እንደዘለለ ጠይቁት። ፊቱ ጠቁሮ ከጓደኞቹ ከራቀ ደግሞ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ድባቴ ከዚህ በሽታ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል።

በመጨረሻ፣ ክረምት ላይ ልጆቹን ይዛችሁ አገር ቤት ለመግባት ያሰባችሁ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለነርቭ ሐኪሙ ደውሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ያለበት ነው፣ ፊንጎሊሞድ ለሚወስድ ልጅ አይሰጥም። መድኃኒቱን ከምትቆዩበት ጊዜ ተርፎ የሚበቃ ያዙ፣ ሻንጣ ስለሚጠፋ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ፊንጎሊሞድ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተቋረጠ እንደ አዲስ የሚጀመረው በሐኪም ቤት የልብ ምት ክትትል ነው፤ ሲቋረጥ በሽታው በርትቶ ሊመለስም ስለሚችል አክስት ቤት ተረስቶ እንዳይቀር።