የተቀየረውን ዕቃ አሳዩኝ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ያረጀ ኩሽኔታ፣ የመኪና ጎማ ሳይፋተግ እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ክብ ብረት፣ አስቀምጫለሁ። ከመዳፌ ትንሽ ያንሳል፤ አንድ ጎኑ በሙቀት ብዛት ወደ ሰማያዊነት ተለውጧል። በጣቴ ሳዞረው ውስጡ አሸዋ የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሻል። ወደ ማይክሮፎኑ ላስጠጋውና ስሙት። ሁለት ወር ሙሉ ገንዘቤንም እንቅልፌንም የወሰደብኝ ይህ ነው።

የጀመረው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ከፒያሳ ወደ ለገሃር ቁልቁል ስወርድ ከመኪናው ሥር እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማሁ። ፍጥነት ስጨምር ይጨምራል፣ ስቀንስ ይቀንሳል። መኪናውን አዲስ ሆኖ የገዛሁት ከአስመጪው ስለነበር ከሻጩ በላይ ማን ያውቀዋል ብዬ እዚያው ጋራዥ ወሰድኩት።

የመስተንግዶው ወጣት ስለ ድምፁ ተናግሬ ሳልጨርስ መጻፍ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ደውሎ አራቱም ጎማ መቀየር አለበት አለኝ። የጎማዎቹ ጥርስ እኮ ገና ነው ስለው ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ባለቤትዎ ቢመጡና ብናስረዳቸው ይሻላል» አለ። ሊብሬው ላይ ያለው የእኔ ስም ነው። የባንክ ብድሩን አምስት ዓመት የከፈልኩት እኔ ነኝ። ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ግን ልጆቼን ከኋላ ጭኜ የምሄድ እናት ነኝና ጎማው ቢፈነዳስ የሚለው ፍርሃት አሸነፈኝ፤ ከፈልኩ። በማግስቱ በአራት አዳዲስ ጎማ ቸርችልን ስወርድ ድምፁ እዚያው ነበር።

ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ደግሞ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሹ ሳጥን፣ ይከፈት ተባለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ መኪና የያዘ ሁሉ ያውቃል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ እጄ ላይ ያለችውን መኪና ጠብቄ ማቆየት አለብኝ፤ ያለ ምክንያት ካምቢዮዋን የምታስከፍት ሰው መሆን አልችልም። ፈርሚ ሲሉኝ አልፈረምኩም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከሜክሲኮ አደባባይ ጀርባ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰደችኝ። ጋሼ ኮፋኖውን እንኳ አልከፈቱም። «መጀመሪያ አብረን እንንዳ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ማርሹን ዜሮ እንዳደርግ ነገሩኝ። ሞተሩ ዝቅ አለ፣ ጉርምርምታው ግን አልተለወጠም። «እንግዲህ ሞተር አይደለም» አሉ። ባዶ ሜዳ ስናገኝ ደግሞ ወደ ግራ ሰፋ አድርጌ እንድዞር አዘዙኝ፤ ድምፁ ጨመረ። ወደ ቀኝ ስዞር ቀነሰ። «ወደ ግራ ስትዞሪ ክብደቱ ቀኙ ጎማ ላይ ያርፋል፤ የሚጮኸው እሱ ነው ልጄ።»

ግቢያቸው ስንመለስ የፊት ቀኙን በክሪክ አነሱት። ከዚያ እጄን ይዘው ሞላው ላይ አስቀመጡና በሌላ እጃቸው ጎማውን አሽከረከሩት። ንዝረቱ በጣቶቼ ገብቶ እስከ ክርኔ ደረሰ። በግራው ጎማም እንዲሁ አደረጉ፤ እዚያ ምንም የለም። ማንም ሊያስረዳኝ ሌላ ሰው እስኪመጣ አልጠበቀም፤ በገዛ እጄ አወቅሁት።

አዲሱን ኩሽኔታ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ጋሼ በግቢያቸው ኩሽኔታ ተጭኖ የሚያስገባ ማሽን፣ ፕሬስ የሚባለው፣ ስለሌላቸው በመዶሻ አልሞከሩትም፤ በመዶሻ የገባ ኩሽኔታ ብዙ አይቆይም ብለው ቶርኖ ቤት ልከው አስገቡት። አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። አልጠየቅኋቸውም ነበር። ለካ አሮጌውን ዕቃ ለደንበኛው መመለስ ልማዳቸው ነው።

ይህንኑ ኩሽኔታ ይዤ ወደ አስመጪው ጋራዥ ተመለስኩ። ጠብ ፈልጌ አልነበረም፤ መኪናዬን መጀመሪያ ያየውን መካኒክ ማነጋገር ብቻ ነበር የፈለግሁት። ለደንበኛ አይፈቀድም አሉኝ፤ ቆሜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንድ ልጅ እግር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ኩሽኔታውን አንዴ አሽከረከረና ፊቱ ተለወጠ። «ይህን እኮ ጽፌው ነበር» አለ። የሥራ ካርዱ ወጥቶ ሲታይ በእስክሪብቶ «የፊት ቀኝ ኩሽኔታ ይታይ» ይላል። በኮምፒውተር ታትሞ የተሰጠኝ ደረሰኝ ግን የሚያወራው ስለ ጎማ ነው።

ያ ልጅ ሥራውን ያውቃል። ልክ እንደ ጋሼ ሰምቶ አግኝቶታል። እውነቱ የጠፋው ከእሱ እጅ እስከ መስተንግዶው መስኮት ባለው ሃያ እርምጃ ውስጥ ነው። እኔን ያናደደኝም ያስለቀሰኝም ይኸው ነው፤ ባለሙያ አጥቼ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። መኪናውን የነካው ሰው መኪናውን ከሚነዳው ሰው ጋር አምስት ደቂቃ እንዲነጋገር ቢፈቀድለት አራት ጎማ ባልገዛሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት ይሰጠዋል። ሁለቱንም ጠቅሼ፣ የካርዱንና የደረሰኙን ቅጂ አያይዤ፣ ባለፈው ማክሰኞ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የጎማውን ገንዘብ ጠይቄያለሁ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን ለእኔ ይበልጣል፦ ከእንግዲህ ለማንኛውም ደንበኛ የመካኒኩ ካርድ ከደረሰኙ ጋር፣ የተቀየረው አሮጌ ዕቃም ከመኪናው ጋር እንዲሰጠው ነው። ያ ወጣት መካኒክ ስለ እኔ ሲል እንዳይጎዳ ደብዳቤው ላይ አንድ አንቀጽ ስለ እሱ ጽፌያለሁ፤ የሥራውን ጥራት መስክሬለታለሁ።

መልሱ ሲመጣ አነብላችኋለሁ።