የመክፈቻ ንግግር፦ መርከብና ቁልፍ

የተከበራችሁ አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ቡና ላፈላችሁልን እግዜር ይስጥልን። ሰላምታውን እዚህ ልቁረጠው፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ሌላ ነው።

ዘንድሮ የንባብ ማኅበራችን አንድም ወር አላጠፈም። መደርደሪያም አሠርተናል። የተሠራው ይኸው ነው።

ያጣላን የግሪኩ ዮአኒስ ካፖዲስትሪያስ ነው። ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ እኛን ግን ለሁለት ከፈለን! ሰውየው በ1776 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ኮርፉ ደሴት ተወለደ። ፓዱዋ ሕክምና ተማረ፤ ከዚያ የሩሲያው ዛር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ግሪክን ከቱርክ አገዛዝ ነፃ ለማውጣት ያሴሩ የነበሩት ምሥጢረኞች «ምራን» ሲሉት እምቢ ብሏል። አመፁ በ1821 ፈነዳ። በ1827 የግሪኮች ጉባኤ አገረ ገዥ፣ ማለትም የአገሩ መሪ፣ አድርጎ መረጠው። በ1828 ሲደርስ የጠበቀው ባዶ ካዝናና እርስ በርሱ የተባላ አገር ነበር። ደመወዝ አልቀበልም አለ። ኤጊና ደሴት ላይ ለሙት ልጆች ማሳደጊያ አሠራ።

ግማሾቻችሁ «ሕገ መንግሥት አግዶ ብቻውን የገዛ አምባገነን» አላችሁ። ግማሾቻችሁ «ካዝናው ባዶ፣ ጦርነቱ ያላለቀ አገር በክርክር ይቆማል ወይ?» አላችሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ማኒ የተባለውን የግሪክ ግዛት ባላባት ፔትሮቤይን ማሰሩ ትልቁ ስህተቱ ነው። የኮሩ ሰዎችን አለቃ አስሮ ዝም ይሉኛል ማለት የዋህነት ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 1831 ናፍፕሊዮ ከተማ ላይ፣ ቅዱስ ስፒሪዶን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የፔትሮቤይ ወንድምና ልጅ ገደሉት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ ሁለት ወር በፊት የሆነው ነው። ተቃዋሚው የባሕር አዛዥ ሚያውሊስ፣ «ሄላስ» የተባለችውን መርከብ ለመንግሥት ላለማስረከብ ፖሮስ ወደብ ላይ አጋያት። የራሳቸው የግሪኮች መርከብ ናት እኮ! በስንት መከራ የተገዛች።

እና እኛስ? ከዚያ ክርክር ወዲህ አንድ ወገን ቀረ። መዋጮ ቆመ። የአዳራሹ ኪራይ የሦስት ወር ውዝፍ አለበት። ይሄ ሁሉ ይሁን። የመደርደሪያው ቁልፍ ግን ካኮረፉት ወንድማችን ኪስ ነው። ስም አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። አጠገቡ የምትኖሩ ንገሩልኝ፦ ጋሼ፣ መምጣት ባይፈልጉ እንኳ ቁልፉን በልጅ ይላኩልን። ካፖዲስትሪያስን አምባገነን ማለትዎን ይቀጥሉ፣ እኔም ብዙውን እቀበላለሁ። መጻሕፍቱ ግን ከተቆለፈባቸው አራተኛ ወራቸው ነው።

አሁን ገንዘብ ያዣችን ይቀጥሉ፤ ረጅም አይደለም፣ የሚነበብ ብዙ ገቢ የለም።