መኪናህ ድስት ናት! (ጎርፍ ለሚዳፈሩ ወሎዬዎች በሙሉ)

ሰላም ሰላም የቻናሌ ቤተሰቦች፣ አማን ናችሁ? ዛሬ ደሴ ነኝ፣ ከኋላ የምትሰሙት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነው፣ ሐምሌ ነው ምን ይደረግ፣ ከረበሻችሁ አብሽሩ ትለምዱታላችሁ።

ጎርፍ ውስጥ እንዴት እንደሚነዳ ነበር ላሳያችሁ የተዘጋጀሁት፣ ግን ትንሿ መኪናዬ ቪትዝ ውሃ ውስጥ እንደጠፋችብኝ የሰማ አንዱ ምን ብሎ ጻፈልኝ፣ «ወንድሜ ያንተ ቪትዝ ቀላል ስለሆነች ነው፣ የኔ ፒካፕ ከባድ ናት ውሃ አይወስዳትም»። እሱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፣ ግን ስንቱ ነው ላይክ ያደረገለት! እሺ፣ ፕሮግራሙ ተቀይሯል።

(ሳፋና ድስት ያመጣል)

ይቺ ድስት የባለቤቴ ናት፣ ሳላስፈቅድ ነው ያመጣኋት፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ። ብረት ናት አይደል? ከባድ ናት። መጀመሪያ ማንኪያ ልጣል... ሰመጠች። ማንኪያ እኮ ናት፣ ምን ክብደት አላት? አሁን ድስቷን... ተመልከቱ፣ ተንሳፈፈች! በጣቴ ጫፍ ነካ ላድርጋት... ዞረች። አያችሁ? በአንድ ጣት። ሽንኩርት ልጨምርባት፣ ሁለት ኪሎ ነው... ትንሽ ዝቅ አለች እንጂ አልሰመጠችም፣ አሁንም በጣቴ ትዞራለች። ለምን? ሆዷ ባዶ ነዋ! የያዘችውን ቦታ ያህል ውሃ ገፍታለች፣ ውሃውም መልሶ ወደ ላይ ይገፋታል። መኪና ማለት ይቺው ናት፣ ወንበርና ቴፕ የተገጠመላት ድስት። ፒካፕህ ደግሞ ትልቅ ድስት ናት፣ ሌላ ምንም አይደለችም።

ሂሳቡን በሩጫ። 1 ሜትር ኪዩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ነው። ቪትዝ ከላይ ስትታይ ወደ 6 ካሬ ሜትር ትሆናለች፣ ስለዚህ ውሃው ከወለሏ በላይ 10 ሴንቲ ሲሞላ 600 ኪሎዋን ተሸከመላት፣ እሷ ራሷ 1,000 ኪሎ ገደማ ናት፣ የቀረውን እናንተ ጨርሱት። ለዚህ ነው ከመሬት ሲለካ 30 ሴንቲ ውሃ ትንሽ መኪና የሚያነሳው፣ 60 ሴንቲ የሚሮጥ ውሃ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ፒካፕና ላንድክሩዘር ይዞ ይሄዳል። ባትንሳፈፍም ጎማው ላይ የሚያርፈው ክብደት ስለቀነሰ አይነክስም፣ መሪ ታዞራለህ እሷ አትሰማህም። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። «ፎር ዊል ናት» የምትሉኝ፣ ፎር ዊል የሚሰራው ጎማው መሬት ሲነካ ነው፣ አራቱም ከተነሱ አራት ዜሮ ነው ያለህ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ በዚሁ አድርጉ፣ ድስት ሰርቄ ነው የምሰራላችሁ።

ከወልዲያ ወደ ቆቦ የምትወርዱማ ታውቁታላችሁ። ሜዳው ላይ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፣ ፍየል ይሻገርበታል። ዝናቡ የጣለው ላይ ተራራው ላይ ነው፣ እናንተ ጋ ጠብ አላለም። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው፣ እንደ ተጫነ ሲኖትራክ ጉምምም ይላል፣ ከዛ ቡናማ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ከች። ደራሽ የተባለው በምክንያት ነው። እዛ አሸዋ ላይ መኪና አቁሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው አይቻለሁ፣ ወላሂ! ደግነቱ ደራሽ እንደ አመጣጡ ቶሎ ይጎድላል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሻይ ጠጥታችሁ ታልፋላችሁ።

የኔዋ ቪትዝ ምን ሆና ነበር? ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት፣ ደሴ የዘነበውን ቦርከና ይዞላት ይወርዳል። መንገድ ላይ የተኛ ውሃ አየሁ፣ ገባሁ፣ ጠፋች። እኔ ጅሉ ቁልፉን ሦስቴ ደጋገምኩላት! ውሃ አየር በምትስብበት ፊልትሮ ገብቶ ሲሊንደር ከደረሰ፣ አየር ይታመቃል ውሃ አይታመቅም፣ ሞተሩ ሲፈታ ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ተጣሞ ወጣ። «ጋዝ ሰጥተህ ከያዝክ በማርመታ (በጭስ መውጫው) አይገባም» ትላላችሁ፣ ማርመታውን ተዉት፣ የገባው በአፍንጫዋ ነው። ውሃ ውስጥ ከጠፋች አታስነሷት፣ አስጎትቷት።

ግድ ከሆነባችሁ፣ የማይሮጥ፣ ስንዝር የማይሞላ፣ ስሩን የምታውቁት ውሃ ብቻ። አንደኛ ማርሽ፣ ጋዙ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ የመንገዱን መሃል ይዛችሁ፣ ፊት ያለው ወጥቶ ሲጨርስ። ስትወጡ ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረጋችሁ አድርቁት፣ እርጥብ ፍሬን አይዝም። ውሃው ከወሰዳችሁ በር አትታገሉ፣ ውጭ ያለው ውሃ ይዞታል፣ ቀበቶ ፈታ፣ መስኮት ወዲያው፣ ኤሌክትሪኩ ሳይሞት፣ ልጆችን አስቀድሞ መውጣት።

ሳምንት ስለ ባጃጅ... ቆይ፣ እየተጠራሁ ነው። መጣሁ የኔ እናት! ድስቷ? ድስቷ እዚህ ናት፣ ሽንኩርቱም ታጥቧል!