ክሩን አቃጥላችሁ እዩት

የተከበራችሁ ተመራቂዎች፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እዚያ ከኋላ የተደረደራችሁ ወንድሞቼም፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

«መጥተሽ ንግግር አድርጊልን» ተብሎ ሲደወልልኝ ሳቄ መጣ። ንግግር የሚያደርግ ሰው ከቤቱ የሚወጣ ሰው ነው። እኔ ሥራዬም መዋያዬም አንድ በረንዳ ነው። ሦስት ሜትር በሁለት። ግማሹን ድስትና ባልዲ ይዞታል፣ ግማሹን ክር። ልጆቼ «የእማዬ ፋብሪካ» ይሉታል።

እናንተ ሁለት ወር ሙሉ ድር ማድራት፣ ማቅለም፣ ዘርፍ መቋጨት ስትማሩ ቆይታችኋል። ነገ ጠዋት ግን አሠልጣኝ የለም። ልጅ ያለቅሳል፣ ወጥ ያርራል፣ መብራት ይሄዳል። የዛሬው ወሬዬ ለዚያ ጠዋት የሚሆን ነው። ከክሩ ጀምሩ እላችኋለሁ። እኔ ያበላሸሁት ሻርፕ ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር፣ የተበላሸው ክሩን ወይም ማቅለሚያውን ሳላውቀው ስለሠራሁት ነው። ስለዚያ አንዱም እነግራችኋለሁ።

እናቴ ፈታይ ነበረች። ጥጡን ከነፍሬው ትገዛለች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ በብረት መዳመጫ ፍሬውን ታወጣዋለች። ከዚያ በደጋን ትነድፈዋለች። ቤቱ ጉም የገባበት ይመስላል። ባዘቶው ሲደርስ አመልማሎ ታደርገውና እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ቡና እየፈላ ትፈትላለች፣ ጎረቤት እያወራች ትፈትላለች። እኛ ስንጣላ እንኳ በዓይኗ ትቆጣናለች እንጂ እጇ አያቆምም። ለአንድ ነጠላ የሚበቃ ፈትል ሳምንታት ይፈጅባት ነበር። ልቃቂቱ ሲሞላ ለሸማኔ ትሰጣለች። ሸማኔው በጥቂት ቀን ያደርሰዋል። ነጠላው ሲለበስ ታዲያ «ማን ሠራው?» ይባላል። «ማን ፈተለው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ይህን የማነሳው ለትዝታ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ወጥታችሁ ከዶርዜ ሸማኔዎች አንዱን ጠይቁት። ድሩ፣ በቁመት የሚወጠረው ማለት ነው፣ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። ፋብሪካው እኩል ያከረዋል፣ አይበጠስም፣ ሥራ ያፋጥናል። የእጅ ፈትል የሚገኘው በአግድም የሚገባው ማጉ ላይ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። እኔም እንዲሁ ነው የምሠራው፣ አላፍርበትም። ግን ለገዢ ስሸጥ «ድሩ የፋብሪካ ነው፣ ማጉን እገሌ ነች የፈተለችው» እላለሁ። ሁለት ፈታዮች አሉኝ። ሁለቱም ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። እነሱ ሲደክማቸው ምን እንደማደርግ እስካሁን አላውቅም። ከእናንተ መካከል እንዝርት መያዝ የምትችል ካለች ከዚህ በኋላ ታናግረኝ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። የእኛ አገር የሽመና ዕቃ ጉድጓድ ይፈልጋል። ሸማኔው አፉ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ ነው የሚረግጠው። ለባለርስት ጥሩ ነው። እኔ ግን ተከራይ ነበርኩ። አከራዬን እትዬን «በረንዳው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ብቆፍርስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝና «ማንን ልትቀብሪበት ነው?» አሉኝ። ጉድጓዱ በዚሁ ቀረ። አንድ አናጺ የበር ፍሬም በሚሠራበት እንጨት ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ መሸመኛ ሠራልኝ። ወርዷ ግማሽ ሜትር አይሞላም። ለሻርፕ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ማታ አነሳትና አልጋ ሥር አስገባታለሁ። ስለ ቦታ የምትጨነቁ ካላችሁ ይኸው ነው፣ አትጨነቁ።

ወደ ክሩ ልመለስ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ነጋዴ የሚያብለጨልጭ ክር አሳየኝ። «ሐር ነው እህቴ፣ እጅሽን አስነኪው» አለኝ። ነካሁት። እውነትም ልስልስ ነው። ያለኝን ገንዘብ አራግፌ ገዛሁ። ቤት ወስጄ በሽንኩርት ልጣጭ ቀቀልኩት። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። አሳደርኩት። ጠዋት ሳወጣው ያው ነጭ ነው። ውሃው ቢጫ፣ ክሩ ነጭ። ለካስ ፖሊስተር ነው! ከእንጨትና ከቅጠል የሚገኝ ቀለም ፖሊስተርን አይዘውም።

ከዚያ ወዲህ ክብሪት ሳልይዝ ገበያ አልወጣም። ጫፉን ቆርጣችሁ አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ብን ይላል። ሐርና ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታሉ። እሳቱም ቶሎ ይጠፋል፣ የቀረችው ጥቁር ፍሬ ስትጫን ትፈርሳለች። ፖሊስተር ይቀልጣል። ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፣ ሲበርድ ጠጠር ይሆናል። ነጋዴው ቢቆጣ ይቆጣ። ደግሞ የምታቃጥሉት ከሱቁ ወጣ ብላችሁ ነው፣ ክር የሞላበት ቤት ውስጥ እሳት እንዳትጭሩ አደራ።

ማቅለም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሰላቸው እዚህ ጋ ነው። ጥጥ ግትር ነው። ሐር ቀለም ሲያይ ይጠጣል፣ ጥጥ ግን መለመን አለበት። መጀመሪያ በሳሙና ደህና አድርጋችሁ ቀቅሉት፣ ቅባቱ ይውጣ። ቀጥሎ ሻይ ቅጠል ወይም የሮማን ልጣጭ በተቀቀለበት ውሃ አሳድሩት። ከዚያ ሸብ፣ ቀለሙን ክሩ ላይ የሚያሲዘው እሱ ነው። ለ100 ግራም ክር 15 ግራም ሸብ ይበቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቀለሙ ውስጥ የሚገባው። የሽንኩርት ልጣጭ ከክሩ ክብደት ጋር እኩል አድርጉ። እኔ የሰፈሩን ሽንኩርት ነጋዴዎች ሁሉ ተወዳጅቻለሁ፣ ልጣጩን በፌስታል ያስቀምጡልኛል። የሚወጣው ቀለም የመስከረም አደይ ነው። ያን ቢጫ ውሃ ውስጥ የዛገ ሚስማር ከጣላችሁበት ደግሞ ይጨልማል፣ ወደ አረንጓዴ ቡኒ ይሄዳል። የምታቀልሙበት ድስት ዳግመኛ ወጥ አይሠራበትም። ይህን ሁለቴ አልናገርም።

እርድስ? እርድ ያምራል። ያለ ሸብ ያለ ልመና ወዲያው ይይዛል። ግን ፀሐይ አይችልም። አንዲት ደንበኛዬ በእርድ የተቀለመ ሻርፕ ገዝታ አጥባ ገመድ ላይ አሰጣችው። በሳምንቱ ይዛው መጣች። በአንድ በኩል ቢጫ፣ በሌላ በኩል የታመመ ሰው ፊት የመሰለ። ገንዘቧን መለስኩላት። ሻርፑ እስከ ዛሬ የወንበሬ መደገፊያ ነው።

መጠኑንም ክሩ ነው የሚወስነው። የእጅ ፈትል ሲታጠብ ይሰበሰባል። 180 ሳንቲ ሜትር አድርጌ የሸመንኩት ከታጠበ በኋላ 160 ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁራጭ ሸምናችሁ፣ ለክታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ደግማችሁ ለኩ። ደብተር ላይ ጻፉት። አእምሮ ይረሳል።

ሐር ስል ትዝ አለኝ። እኛ አገር ሁለት ዓይነት የሐር ትል ይረባል። አንዱ የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ይበላል። ክሩ ትሉ ራሱን ከጠቀለለበት ጎጆ ሳይበጠስ አንድ ወጥ ሆኖ እንዲፈታ ትሉ ውስጥ እያለ ነው ጎጆው የሚፈላው። ሌላው የጉሎ ቅጠል በሊታ ነው። የእሱ ጎጆ በአንድ ጫፍ ክፍት ነው። ክሩ አንድ ወጥ ስላልሆነ እንደ ጥጥ መፈተል አለበት። ስለዚህ ትሉ ወደ እሳት እራት ተለውጦ ወጥቶ ቢሄድም ጎጆው አይበላሽም። አያችሁ? እንዝርት ይፈልጋል ማለት ነው። እናቶቻችን ለጥጥ የተማሩት እጅ ለዚህም ይሆናል። ጉሎ ደግሞ በየአጥሩ የሚበቅል ነው።

አንድ ፎቶ ላሳያችሁ ነበር፣ ፕሮጀክተሩ እንቢ አለ። በቃል ልንገራችሁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጎንደር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ከሐር የተሠራ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አለ። ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነው። ነገሥታትና ካህናት ተሸምነውበታል። በሥዕል አይደለም፣ በጥልፍም አይደለም፣ ክሩ ራሱ ነው ሥዕሉ። ሐሩ ከቻይና የመጣ ነው፣ እጁ የእኛ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ወሰደው። ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው።

እኔን የገረመኝ አሠራሩ ነው። በጉድጓድ ሽመና አይደለም የተሠራው። አራት ማዕዘን የሆኑ ትንንሽ ጠፍጣፋ ቁራጮች አሉ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ቀዳዳ አላቸው። በየቀዳዳው ክር ይገባል። ቁራጮቹን በእጅ ስታሽከረክሯቸው አንዱ ክር ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል፣ መካከል ላይ ማግ ታሳልፋላችሁ። ይኼው ነው። ይህን ባነበብኩበት ማታ የባለቤቴን ካርታ ወሰድኩ። ቆረጥኩት፣ በሳኩም በሳሁት። ጫፉን የበር እጀታ ላይ፣ ሌላውን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ሌሊቱን ሁለት ጣት የምታህል መቀነት ወጣችኝ። እጅግ ጠማማ! ባለቤቴ በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ካርታ ሊጫወት ሲል ንጉሡ ወገቡ ላይ ተበስቶ አገኘው። አሁን ሻርፖቼን ዳር ዳሩን በዚህ ነው የምይዘው። ይህን ለመሥራት በረንዳም አያስፈልግም።

ከክርም ከማቅለሚያም ጋር ያልተያያዘውን ስሕተቴን ልንገራችሁ ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ ነገር ልፍጠር ብዬ ጥለቱን ሻርፑ መካከል ላይ አደረግኩት። ሲጠመጠም አንገት ሥር ያርፋል፣ ፊትን ያደምቃል ብዬ። ቀለሙም ሐምራዊና ጥቁር። የገዛችኝ ልጅ ለብሳው ቤቷ ገባች። እናቷ አይተዋት ደረታቸውን መቱ። «ማን ሞተ?» ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ተደርጎ አንገት ዙሪያ ከዋለ ሐዘን ነው። ይህን ሳላውቅ አድጌ አይደለም። ሻርፕ ነው፣ ነጠላ አይደለም ብዬ ነው። ለሚያየው ሰው ግን ጨርቁ ያው ይናገራል። አሁን ጥለቴን ጫፍ ላይ ነው የማደርገው።

ስለ ዋጋ ካልተናገርኩ ትወቅሱኛላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የክሩን ዋጋ ብቻ ነበር የምደምረው። ድር ማድራት አንድ ቀን፣ ማቅለም ሁለት ቀን፣ መሸመን ሁለት ቀን፣ መቋጨት ግማሽ ቀን። እሱን የት አደረግኩት? የትም። ለምን ብትሉኝ፣ ቤት ስለሆንኩ ነው። ቤት ያለ ሰው ሥራ የለውም ይባላል። ዘመድ በሥራ ሰዓት ይመጣል፣ «ቤት አይደለሽ እንዴ?» ይላል። የአክስቴ ልጅ ለጓደኞቿ ስድስት ሻርፕ በነጻ አዘዘችኝ። አንድ ባለሱቅም አሥር ሻርፕ ወስዶ «ሲሸጥ እከፍልሻለሁ» አለኝ። እስኪሸጥ ነው መሰለኝ፣ አሁንም እየጠበቅኩ ነው። አሁን ግማሹን ሳልቀበል ዕቃ አላስረክብም።

እጅ ሥራን መናቅ ዛሬ የመጣ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል ብለው። የአክስቴ ልጅ ላይ ይህን አዋጅ ጠቀስኩባት። ስድስቱን ከፈለች። ግን በቅናሽ ነው።

«ገበያው በማሽን የታተመ ጥለት ሞልቶበታል፣ ማን ይገዛናል?» ያለችኝ ልጅ እዚህ አለች፣ ሻይ ላይ ነው የጠየቀችኝ። እህቴ፣ በርካሽ ልትበልጫቸው አትችይም፣ አትሞክሪ። የታተመውን ገልብጠሽ አሳዪያቸው። ጀርባው ገርጣ ብሎ ታገኚዋለሽ። ያንቺን ደግሞ ገልብጪው፣ ክሩ በጀርባም ይታያል። ይህን ዓይኑ አይቶ ለታተመው የሚከፍል ሰው ካለ፣ እሱ ድሮም ደንበኛሽ አልነበረም።

ነጠላ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ የዘርፉ ክር እንዳይተረተር ይቋጫል። ንግግርም ይቋጫል እንላለን፣ ሸማኔዎች ያወረሱን ቃል ይመስለኛል። እኔ ግን ገና አልቋጨሁም። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓይነት ክር አስቀምጫለሁ። ምልክት አልጻፍኩበትም። አንዱ ሐር ነው፣ አንዱ ጥጥ፣ አንዱ ሌባ ነው። ክብሪቱና ውሃ የሞላ ጣሳ አጠገቡ አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ በአንድ ኑ። ጸጉራችሁን ወደ ኋላ ሰብስቡ።